የሁጃጅ ክትባት የመጨረሻ ሳምንት ሥራ አይደለም

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። በተለይ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚሰናዳ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ዝለቁ።

ከሐዋሳ ወደ መካ የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከመናኸሪያ ነው። ጅዳ ወይም መዲና የሚያደርሰው አውሮፕላን አዲስ አበባ ነው ያለው። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የሕክምና ወረቀቱ፣ ሁሉም ወደዚያው ይጠራዋል። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለወጣት ምንም አይደለም። ነገር ግን ሐጅ የሚሄደው ሰው በአብዛኛው ወጣት አይደለም። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ነጋዴ፣ ከብት የሸጠ ገበሬ፣ ልጆቿ ከያሉበት አዋጥተው የሚልኳት እናት ናት። ስልሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ መነጽራቸውንና መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ተጓዦችን እዚህ ከተማ ውስጥ ሳነጋግር የሚደጋገም ወሬ አለ። ክትባቱን የወሰዱት ሊበሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው ነው። ምን እንደተወጉ አያውቁም። ለምን እንደተወጉም የነገራቸው የለም። አንዲት እናት «ሁለት ጊዜ ወጉኝ፣ አንድ ጊዜ ጠብታ ሰጡኝ፤ ካርዱ ግን አለ» አሉኝና ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። እሳቸው ዘንድ ዋናው ካርዱ ነው። ካርዱ ከሌለ አውሮፕላን የለም። ክትባቱ ካርዱን ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ነው።

የዛሬው አቋሜ አጭር ነው። የሐጅ የጤና ዝግጅት ከቪዛው ወረፋ ተነጥሎ፣ ተጓዡ በሚኖርበት ከተማ፣ ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት መጠናቀቅ አለበት። ለሐዋሳና ለሲዳማ ተጓዥ ይህ ሥራ እዚሁ ሐዋሳ ላይ መሠራት አለበት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

▪️ ሦስቱ ማህተሞች

ሳዑዲ ዓረቢያ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሁጃጅ የምትጠይቃቸው ዋና ዋና ክትባቶች ሦስት ናቸው፦ የማጅራት ገትር፣ የቢጫ ወባ እና የፖሊዮ። ብዙ ሰው ሦስቱንም «የቪዛ ክትባት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው፤ የሚጠብቀውም ሰው ይለያያል።

ከቢጫ ወባ እንነሳ። ይህ በሽታ ሳዑዲ ውስጥ የለም። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ግን አለች። ጅዳና መካ የዴንጊ ትኩሳት የሚታይባቸው ከተሞች ናቸው፤ ዴንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ቢጫ ወባንም ታስተላልፋለች። ቫይረሱን በደሙ የያዘ አንድ ሰው ሚሊዮኖች ወደተሰበሰቡበት ቦታ ቢገባ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያቅትም። ስለዚህ ይህ ክትባት በሳዑዲ በኩል የሚጠየቀው አስተናጋጆቻችንን ከእኛ ለመጠበቅ ነው።

በዚህ ቅር የሚለን ካለ የራሳችንን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ከባዱ ነበር፤ 100 ሺህ ገደማ ሰው እንደያዘና 30 ሺህ ገደማ እንደገደለ ይገመታል። ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2005 ዓ.ም ደቡብ ኦሞ ላይ ታየ። በ2010 ዓ.ም ማብቂያና በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ወላይታ ውስጥ ኦፋ ወረዳ ላይ ተነሳ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ ጉራጌ ዞን፣ እኖርና ኤነር ወረዳ ገባ። ሦስቱም ቦታዎች ትናንት ከሐዋሳ ይተዳደር በነበረው ክልል ውስጥ ናቸው። ወላይታ ከዚህ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። የእኛ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባቱን ሲወስድ ሳዑዲዎችን ብቻ ሳይሆን ራሱንም እዚሁ አገሩ ላይ እየጠበቀ ነው።

ሁለተኛው ፖሊዮ ነው። ክትባት በሚገባ ባልተዳረሰባቸው አካባቢዎች ከክትባቱ የመነጨ የቫይረስ ዓይነት ሊዛመት ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ቫይረስ በቅርብ ዓመታት ከተገኘባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አዋቂ ሰው በፖሊዮ ልምሻ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቫይረሱን በአንጀቱ ይዞ ለሌላ ማስተላለፍ ግን ይችላል። ስለዚህ ሰባ ዓመት የሞላቸው አባት «እኔ ልጅ ነኝ እንዴ ጠብታ የምትሰጡኝ?» ሲሉ መልሱ ቀላል ነው። ጠብታው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ልጅም ነው።

ሦስተኛው ማጅራት ገትር ነው። ይህኛው የእኛው ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላቅርበው።

▪️ ከመካ ወደ ቤት የመጣው ወረርሽኝ

ኢትዮጵያ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው፣ ከሴኔጋል ተነስቶ እኛ ድረስ በሚዘረጋው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ናት። በሽታው በትንፋሽና በምራቅ ጠብታ ይተላለፋል፤ መጨናነቅና ደረቅ አየር ይመቹታል። ታክመው እንኳ ከአሥር ታማሚ አንዱ ገደማ ይሞታል፤ ከሚተርፉትም የመስማት ችሎታቸውን ወይም እጅና እግራቸውን የሚያጡ አሉ።

እ.ኤ.አ በ1987 በሐጅ ወቅት ኤ በሚባለው የባክቴሪያው ዓይነት የተነሳ ወረርሽኝ ታየ። ባክቴሪያው ከመካ የመነጨ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ በደቡብ እስያ ሲዛመት ቆይቶ ከተጓዦች ጋር የገባ ነበር። ከመካ ደግሞ ከሁጃጆች ጋር ወደየአገሩ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1981 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የታመሙበት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሳ። በዚያ ዘመን የነበሩ ወላጆቻችን ያስታውሱታል። ሱዳንና ቻድም ተመቱ። ተመራማሪዎች ያገኙት ባክቴሪያ መካ ላይ የታየው ዝርያ ነበር።

ሳዑዲ ከ1987ቱ ወረርሽኝ በኋላ ክትባቱን ግዴታ አደረገች። ያኔ የሚሰጠው ክትባት ኤ እና ሲ የሚባሉትን ዓይነቶች ብቻ የሚከላከል ነበር። እ.ኤ.አ በ2000 ዳብልዩ 135 የሚባል ሌላ ዓይነት መጣ። ያ ክትባት አልሸፈነውም። በዚያ ዓመት በልዩ ልዩ አገሮች ከ400 በላይ ሁጃጆችና የቤተሰቦቻቸው አባላት ታመሙ፤ በ2001ም ተደገመ። ልብ በሉ፣ ከታመሙት መካከል መካን ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። የታመሙት ሐጂውን አቅፈው የተቀበሉ የቤት ሰዎች ናቸው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ2002፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ይኸው ዓይነት 13 ሺህ ገደማ ሰው አሳምሞ 1,500 ገደማ ገደለ። ቡርኪና ፋሶ እንደ እኛው የቀበቶው አገር ናት።

ከዚያ ወዲህ ነው አራቱንም ዓይነቶች፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ዋይ እና ዳብልዩን፣ የሚከላከለው ክትባት ለሐጅ ግዴታ የሆነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ላንሳ። «እኔ የማጅራት ገትር ክትባት ድሮ በዘመቻ ተወግቻለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ በሦስት ዙር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች ተሰጥቷል። ያ ክትባት ትልቅ ውጤት አምጥቷል፤ ግን የሚከላከለው ኤ ዓይነቱን ብቻ ነው። ለሐጅ አይበቃም። ዳብልዩ ከመጣ ያ ክትባት አያውቀውም።

«ይህ የድሮ ታሪክ ነው» ለሚለኝም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ በ2024 በሚያዝያና በግንቦት፣ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ከዑምራ ጉዞ ጋር የተያያዙ 12 የማጅራት ገትር ሕመምተኞች ተገኙ። አብዛኞቹ በዳብልዩ ዓይነት የተያዙ ነበሩ። የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው ዘጠኝ ሰዎች መካከል አንድም የተከተበ አልነበረም። ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ ያልተጓዙ፣ ከተጓዥ ጋር ቅርብ ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ሐጅ በቡድንና በመጅሊስ በኩል ስለሚኬድ ቢያንስ የሚቆጣጠረው አለ። ዑምራ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ሰው በየጉዞ ወኪሉ በተናጠል ይሄዳል። ክፍተቱ የሚሰፋው እዚያ ነው።

▪️ ሒሳቡ አይመጣም

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። የማጅራት ገትር ክትባት ተጓዡ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሰጠት አለበት። የቢጫ ወባ ካርድም የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ፖሊዮው ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከ12 ወር ሳያልፍ መወሰድ አለበት። እነዚህ ቀናት ቢሮክራሲ የፈጠራቸው አይደሉም። ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ነው።

እንግዲህ በመጨረሻው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የሚከተብ ሰው ምን ላይ ነው? ካርዱ ሙሉ ነው፤ ሰውነቱ ግን ገና አልተዘጋጀም። ጦዋፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ከሚገፋፉት ሚሊዮን ሰዎች መሃል ሲቆም የሚጠብቀው ቀለም ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው የሆነ፣ የተዳከመ ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው። ለአብዛኛው ሰው አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወስዱት ላይ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመከሰቱ ዕድል ከሌሎች ከፍ ይላል፤ ምንም እንኳ ያም ቢሆን ጥቂት ቢሆንም። የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸው ሰዎችም ከመወጋታቸው በፊት ሐኪም ማነጋገር አለባቸው። የማይችል ሰው ካለ ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃ የሚጽፍበት አሠራር በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ውስጥ አለ፤ የመቀበሉ ውሳኔ ግን የተቀባዩ አገር ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅን ይፈልጋል። የእኛ ሁጃጅ አብዛኛው ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ምክክር ሻንጣ ይዞ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ የበረራ ሰዓት እየቆጠረ ማን ያደርገዋል?

በተቃራኒው ደግሞ ሳያስፈልጋቸው የሚደግሙ አሉ። እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ የቢጫ ወባ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚጸና ሆኗል። የቆየው ካርድ ላይ «አሥር ዓመት» ቢልም ይጸናል። ይህን የሚነግራቸው ስለሌለ ለሁለተኛ ጊዜ ከፍለው፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚወጉ አረጋውያን አሉ።

▪️ የተገዛው ካርድ

ስለማንወደው ነገርም እናውራ። የማውቀው አንድ ሰው ለሥራ ጉዞ ቢጫ ካርድ ያስፈልገው ነበር። መርፌ ሳይነካው፣ በአንድ ቀን፣ በገንዘብ ማህተም የተመታበት ካርድ ይዞ መጣ። ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እንደ ብልህነት ቆጥሮታል። ይህ ወሬ ለብዙዎቻችሁ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለሥራ ጉዞ የተገዛ ካርድ አንድ ነገር ነው፤ ለሐጅ የተገዛ ካርድ ግን ከሕግ ባሻገር ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ኢሕራም ለብሶ ከውሸት፣ ከጭቅጭቅ፣ ዛፍ ከመቁረጥ እንኳ የሚቆጠብ ሰው እንዴት በሐሰት ማህተም ይገባል? አብሮት ድንኳን የሚጋራውን ሰው ነፍስ አደጋ ላይ ጥሎስ? ይህን ጥያቄ መመለስ የእኔ ድርሻ አይደለም። የዑለማዎቻችን ነው። ጁሙዓ ላይ ቢነሳ ግን ከአንድ መቶ ፖስተር በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። ሰው ካርድ የሚገዛው ሁልጊዜ ክትባት ጠልቶ አይደለም። ክትባቱ ሩቅ ሲሆን፣ ወረፋው ሲረዝም፣ ቀኑ ሲያልቅበት ነው። ክትባቱ ሐዋሳ ላይ በጊዜ ቢገኝ ደላላው ገበያ ያጣል።

▪️ ሙቀቱ ክትባት የለውም

በ2016 ዓ.ም ሰኔ ላይ የተደረገውን ሐጅ አስታውሱ። በመካ ታላቁ መስጂድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስትር ከሐጁ በኋላ በሰጡት መግለጫ 1,301 ሰዎች መሞታቸውንና ከእነዚህም 83 በመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ መሆናቸውን ተናግረዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው የሚያርፍበት የቀዘቀዘ ድንኳን የለውም፤ የሚያጓጉዘው አውቶቡስ የለውም፤ ፀሐይ ላይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። በጉብኝት ቪዛ ሐጅ እንዲያደርጉ ደላላ የሚያግባባቸው ሰዎች ይህን ቁጥር ይወቁት።

ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ስለሚመጣ ከከባዱ የበጋ ሙቀት ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ጥሩ ዜና ነው። ግን ወደ ቀዝቃዛው ወራት ሲጠጋ የኢንፍሉዌንዛና የሌሎች የመተንፈሻ አካል በሽታዎች ተራ ይመጣል። ለዚህ ነው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በተለይ ለአረጋውያንና የቆየ ሕመም ላለባቸው የሚመከረው።

ደግሞም ለሐጅ ከሚሄዱት ብዙዎቹን የሚጥላቸው የማይታወቅ ጀርም አይደለም። የራሳቸው ስኳር፣ የራሳቸው ልብ፣ የራሳቸው ኩላሊት ነው። ሳዑዲም ይህን አይታ መስፈርቷን እያጠበቀች ነው፤ ኩላሊታቸው ወይም ልባቸው ክፉኛ የደከመ፣ የመርሳት ሕመም የጸናባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ያሉ ሰዎች እንዳይላኩ ትጠይቃለች። ይህን መስፈርት ገንዘብ ከከፈሉና ዘመድ ወዳጅ ከሸኛቸው በኋላ አዲስ አበባ ላይ መስማት ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር አስቡት። ሐዋሳ ላይ ከሦስት ወር በፊት ቢመረመሩ ወይ ስኳራቸው ተስተካክሎ ይሄዳሉ፣ ወይ ሳይከፍሉ ይመከራሉ።

▪️ «አላህ ያለው አይቀርም»

ይህን የሚሉ አባቶችን አከብራለሁ። ግን ይህ አባባል ክትባትን ለመተው ሲጠቀስ ከእስልምናው ታሪክ ጋር አይገጥምም። ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሸሻቸው እንደሆነ መልሰዋል። ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፣ ያላችሁበትም ከሆነ አትውጡ የሚለው የነቢዩ ትምህርትም ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ሐጅ ራሱ ግዴታ የሆነው አቅም ላለው ነው፤ ጤና ደግሞ የአቅም አንዱ ክፍል መሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ።

ሌላው የምሰማው ተቃውሞ «መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል ነው። መንግሥት በጦዋፉ አያገባውም። በማጅራት ገትር ግን ያገባዋል። ይህን ስል ጣቴን ወደ አንድ ሃይማኖት ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ለመዳን የሄዱ ሰዎች በኮሌራ ተይዘው ሞተዋል። ድሬ ሼኽ ሁሴን ይሁን ቁልቢ፣ እዚሁ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ይሁን መካ፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ በሽታ ማንነት አይጠይቅም። ሐጅ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ማን እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚሄድና ስንት ሰው እንደሚሄድ ከወራት በፊት ይታወቃል። ከዚህ በላይ ለዝግጅት የሚመች ጉዞ የለም።

«ወባና ኮሌራ እያለ ለጥቂት ሁጃጆች ይህ ሁሉ?» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የሚሄደው ሰው ብዙ አይደለም፤ የሚጠየቀውም አዲስ ሆስፒታል አይደለም። ማቀዝቀዣው አለ፣ ነርሷ አለች፣ የሕፃናት ፖሊዮ ጠብታ በየጤና ጣቢያው አለ። የጎደለው ቀጠሮ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

እኔ የማቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮና የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የሁጃጆች ምዝገባ እንደተጀመረ የጋራ ቀን ይቁረጡ። ከሐዋሳ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ለምሳሌ በአዳሬ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜዎች ለሁጃጅና ለዑምራ ተጓዥ ይመደቡ። በመጀመሪያው ቀን ምርመራና ምክር፣ በሁለተኛው ክትባት። ከሐላባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ የሚመጣም ይስተናገድ፤ ለእነሱም ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ይታወቅ። ክትባቱ ስንት ነው፣ ከሐጁ ክፍያ ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻ ይከፈላል የሚለው በግልጽ ተጽፎ በየመስጂዱ ይለጠፍ። ዋጋው ያልታወቀ ነገር የደላላ ሲሳይ ነው።

ሦስተኛ፣ የጉዞ ወኪሎች የዑምራ ትኬት ሲቆርጡ የክትባት ቀኑን ይጠይቁ። «ካርድ አለዎት?» ሳይሆን «መቼ ተከተቡ?» ይበሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ያስተካክላል።

▪️ ለተጓዡና ለልጆቹ

እስከዚያው ግን ተጓዡ ራሱ የሚያደርገው አለ። የየዓመቱ መስፈርት ሊለወጥ ስለሚችል ከመጅሊሱ ማረጋገጥ አይቀርም፤ ከዚያ ውጪ ያለው ይህ ነው፦

1. ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ሐኪም ይዩ። የቆዩ የክትባት ካርዶችን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ለሐጅ የሚሆነውን የማጅራት ገትር ክትባት ወስደው ከሆነ ሊጸና ይችላል፤ እንደ ክትባቱ ዓይነት ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል።

2. የስኳር፣ የግፊት፣ የአስም መድኃኒት ከቆይታዎ ቀናት በላይ የሚበቃ ይያዙ። በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን። የመድኃኒቱን ስም የያዘ የሐኪም ወረቀት ይኑርዎት። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ በሙቀት እንዳይበላሽ እንዴት እንደሚይዙት ይጠይቁ።

3. የለመደ፣ ያልጠበበ ጫማ ያድርጉ። ስኳር ያለበት ሰው የጋለ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ ቃጠሎው ላይሰማው ይችላል።

4. ውሃ ሳይጠማዎት ይጠጡ። ጃንጥላ ይያዙ። ፋርማሲ ውስጥ ለምለም እያልን የምንጠራውን ንጥረ ነገር ጥቂት ፓኬት ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉ። ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ስለ አወሳሰዱ ሐኪሙን ይጠይቅ።

5. ጸጉር ሲላጩ አዲስ ምላጭ መሆኑን አይተው ይላጩ። በአንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መላጨት ሄፓታይተስ ያስተላልፋል።

6. ከግመል ራቅ ይበሉ፤ ያልተፈላ የግመል ወተት አይጠጡ። መርስ የሚባለው ከባድ የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ በ2012 ሳዑዲ ውስጥ የታወቀ ሲሆን ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። በግመል ወተት ላደገ ሰው ይህ ምክር ይከብደዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ግን ይታገሡ።

7. ስምዎን፣ ሕመምዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቡድን መሪዎን ስልክ በአማርኛና በዓረብኛ ጽፈው አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉ። ቢወድቁ የሚያነሳዎት ሰው ቋንቋዎን አያውቅም።

ሲመለሱስ? ሐጂ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። እጅ ይሳማል፣ ተምር ይበላል፣ ዘምዘም ይቀመሳል። ይህን ደስታ ማንም አይንፈጋቸው። ዘምዘሙ ግን በአንድ ኩባያ ከአፍ ወደ አፍ አይዙር፤ ለእያንዳንዱ በየስኒው ይቀዳ። የሚያስሉ ከሆነ ጥቂት ቀን ከሕፃናትና ከአረጋውያን ይራቁ። ከተመለሱ በ14 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ጠንካራ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከመጀመሪያው ቃል «ከመካ ነው የመጣሁት» ይበሉ። ሐኪሙ ምን መፈለግ እንዳለበት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ በአንድ የሐጅ ወቅት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይሄዳል። እያንዳንዱ ተመልሶ ሊጠይቁት የሚመጡ በርካታ ሰዎች አሉት። እነዚያ ሰዎች መካ አልሄዱም፣ ካርድ የላቸውም፣ የጠየቃቸውም የለም። የእነሱ ጤና የሚወሰነው ሐጂው ከመሄዱ ከሁለት ወር በፊት በተሠራ ወይም ባልተሠራ ሥራ ነው።

አባትና እናታችሁ ዘንድሮ ወይም ከርሞ የሚሄዱ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። ከዚያም ቀን ቆርጣችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ለሚሄዱት ሁሉ አላህ ሐጃቸውን ይቀበል፤ በሰላም ሄደው በጤና ይመለሱ።